የትዝታን ዘፈን ትርጉም እንዴት እንመርምር?

ስለ ጠፋ ፍቅር የሚዘፈን የሀዘን ዘፈን የሌለው ሕዝብ የለም። በእኛ ዘንድ ግን ይህ ሀዘን ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች) አንዱን ለብቻው ይዞ፣ ስሙንም ለቅኝቱና ለዘፈኑ ሰጥቶ ይኖራል፤ «እስቲ ትዝታ ተጫወትልን» የተባለ ክራር ደርዳሪ ምን ዓይነት ዜማ እንደሚጠበቅበት ብቻ ሳይሆን ስለ ምን እንደሚያንጎራጉርም ያውቃል። ዘፈኑን የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ትርጉሙን እንዲገልጽ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ሰው «ፍቅረኛው ትታው ስለሄደች አዘነ» ከማለት አያልፍም። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም፣ ዘፈኑ ፍቅር አጥቶ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር ለምን እንደሚያባባ አያስረዳም። ከዚህ በታች የምጽፈው ትዝታን ቁጭ ብሎ ለመመርመር የሚያስችል መንገድ ሲሆን፣ የምነሣውም ከአንድ እምነት ነው፦ ትዝታ የሚነግረን የመለያየትን ታሪክ ሳይሆን፣ ወዳጅ ከሄደ በኋላ በእሱ ቦታ ከተቀመጠው ነገር ጋር የሚኖረውን ኑሮ ነው። ማን እንደሄደና ለምን እንደተለያዩ የሚፈልግ አድማጭ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የቀረው ሰው አሁን ከማን ጋር እንደሚነጋገር የሚጠይቅ ግን ብዙ ያገኛል።

ሥራውን ከቃሉ አይጀምሩ። በመጀመሪያ ግጥሙን ለመያዝ ሳይጣጣሩ ዘፈኑን ደጋግመው ያድምጡ። ትዝታ እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰልና እንደ አንቺ ሆዬ ለኔ ሁሉ በአምስት ድምፆች የተዋቀረ ቅኝት ነው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ የሚሉትን ድምፆች ሲይዝ፣ ትዝታ ማይነር ከእነዚህ ውስጥ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋቸዋል። የሁለቱ ሀዘን አንድ ዓይነት አይደለም። ሜጀሩ በሌላ የሙዚቃ ልማድ ላደገ ጆሮ ደስታ ያለበት ሊመስል ይችላል፤ በእኔ ጆሮ ግን ያለፈውን ነገር ከነበረከቱ የሚያስታውስ፣ እንባውን የጨረሰ ሰው እርጋታ ነው፤ ማይነሩ ደግሞ ቁስሉ ገና ያልጠገገ ሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስንኝ በሁለቱ ሲዜም ሁለት የተለያየ ነገር ሊናገር ስለሚችል፣ የትኛው እንደሆነ በማስታወሻዎ ላይ አስቀድመው ያስፍሩ። የሙዚቃ ትምህርት የሌለው ሰው ዜማውን ያለ ቃል ቢያንጎራጉረውና የሁለቱን ዓይነት ቅጂዎች አከታትሎ ቢያደምጥ ልዩነቱ ራሱ ይገለጥለታል። ሙላቱ አስታጥቄ ትዝታን ያለ አንድ ቃል በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶታል፤ የሚሰማውም ሰው ትዝታ መሆኑን አይስትም፤ ይህም ግጥሙ ከመምጣቱ በፊት ዜማው የተናገረው ነገር እንዳለ ያሳያል።

ፍጥነቱም የትርጉሙ ክፍል ነው። ጌታቸው ካሳ ትዝታን በዝግታም በፍጥነትም ተጫውቶታል፤ ሁለቱን ማወዳደር ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ነው። በዝግታው ውስጥ በሐረግና በሐረግ መካከል ክፍተት አለ፤ አድማጩ የራሱን ሰው የሚያስቀምጠው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ክፍተቱ ይጠብና ያው ቃል ከብቸኝነት ወጥቶ ሰው ሁሉ አብሮ የሚወዛወዝበት የጋራ ነገር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ያንሡና ግጥሙን ይጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው ድምፃዊው በዜማ የጨመራቸውን ነገሮች ከግጥሙ ለመለየት ነው። «አሃ»፣ «ወይኔ»፣ «እህህ» የሚሉትን ማዳመቂያዎች፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተደገሙትንም ሐረጎች በቅንፍ ያስቀምጧቸው፤ አያጥፏቸው፤ የኋላ ኋላ ይፈለጋሉ። የተረፈው ብዙውን ጊዜ የወል ቤት የሚባለው አገጣጠም ነው፦ እያንዳንዱ ስንኝ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ሐረግም ስድስት ቀለም (በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ክፍል) ይይዛል፣ ሁለቱ ስንኞችም መጨረሻቸው ላይ ቤት ይመታሉ። ቀለሙን በጣትዎ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ካልሞላ ወይ አንድ ቃል አልሰሙም፣ ወይ ድምፃዊው ሆን ብሎ ያጎደለው ነገር አለ፤ ሁለቱም ማወቅ የሚገባ ነው። ሲቆጥሩ ግን አናባቢና አናባቢ ሲገናኙ አንዱ እንደሚዋጥ አይርሱ፤ «ትዝታዬ አንተ» በጽሑፍ ረዥም ቢመስልም በአፍ «ትዝታዬንተ» ወደሚል ይጠጋል።

ስንኞቹን ጽፈው ሲጨርሱ ከላይ እስከ ታች እንደ ታሪክ ለማንበብ አይሞክሩ። የትዝታ ግጥም ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ለየብቻው የቆመ ነው። ምክንያቱም ከአዝማሪ ቤት ልማድ ይመነጫል፦ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሌላው አድማጭ ደግሞ የራሱን ብሶት ይጨምርበታል። በዚህ መንገድ ያለፈ ስንኝ የአንድ ሰው ንብረት መሆኑ ይቀርና ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ይዘዋወራል። ስለዚህ ሦስተኛው ጥንድ ስንኝ ከሁለተኛው ጋር ቢቃረን ድምፃዊው ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱን ጥንድ እንደ ሙሉ ግጥም ወስደው ይመርምሩት፣ ከዚያም አቀማመጡ ምን እንደጨመረበት ይጠይቁ።

እንዴት እንደሚመረመር ለማሳየት ሁሉም የሚያውቀውን የሕዝብ ስንኝ ልውሰድ፦

ትዝታዬ አንተ ነህ፣ ትዝታም የለብኝ፤
እመጣለሁ እያልህ፣ እየቀረህብኝ።

ይህን ስንኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ቆም ብለን አናየውም። የመጀመሪያው ሐረግ ትዝታዬ አንተ ነህ ይላል፤ ሁለተኛው ወዲያው ትዝታ የለብኝም ይላል። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለኝም የለኝምም ማለት ነው። የተለመደው አተረጓጎም «ከአንተ በቀር ሌላ ትዝታ የለኝም» የሚል ነው፤ ያስኬዳል፤ ግን ዘፈኑ «የለኝም» አላለም። «የለብኝ» ነው ያለው። «የለብኝም» የምንለው ስለ ዕዳ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ወቀሳ እንጂ ስለ ሀብት አይደለም። ተናጋሪዋ ትዝታን እንደ ዕዳ ቆጥራ ነው ከራሷ ላይ የምታወርደው። ለምን? ምክንያቱን ሁለተኛው ስንኝ ይሰጣል። ሰው የሚታወሰው ነገሩ ሲያልቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ሄዶ የቀረ ሰው ትዝታ ይሆናል። ይህኛው ግን «እመጣለሁ» ማለቱን አላቆመም፤ «እያልህ» እና «እየቀረህ» የሚሉት ሁለት ቃላት ነገሩ ዛሬም በመካሄድ ላይ መሆኑን ያሳያሉ። መምጣቱ ሁልጊዜ ነገ የሆነ ሰው ሊታወስ አይችልም፤ ገና ይጠበቃልና። እንግዲህ የስንኙ ሕመም ያለው ወዳጅ በመሄዱ ላይ ሳይሆን መሄዱ ባለማለቁ ላይ ነው።

ሌላም አለ። «ቀረ» በአማርኛ ሳይመጣ መቅረትም፣ ተርፎ መቀመጥም ነው። «እየቀረህብኝ» ሲባል «ሳትመጣ እየቀረህ» የሚለው ፊት ለፊት ይሰማል፤ ከበስተኋላው ግን «በእኔው ላይ እየቀረህ»፣ ማለትም ከእኔ አልወርድ እያልህ የሚለው አለ። በአካል የቀረው ሰው በሐሳብ ቀርቷል። በዚህም ላይ ሁለተኛው ስንኝ የራሱ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ «እየቀረህብኝ» ብሎ ተንጠልጥሎ ይቆማል፤ ነገሩን ለማሰር ወደ መጀመሪያው ስንኝ፣ ወደ «የለብኝ» መመለስ ግድ ይላል። ድምፃዊውም ተመልሶ ይደግመዋል። ስንኙ የተሠራው እንዲዞር ነው። ሃያ አራት ቀለም ብቻ ይዞ ይህን ሁሉ የሚሸከም ግጥም በማንም ቋንቋ ቢሆን የሚከበር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ምሳሌ የሚወሰደው የአሠራር ዘዴ ይህ ነው፤ በየጥንዱ ስንኝ ላይ ማሰሪያ አንቀጹን ያስምሩበት፣ ጊዜውን ይለዩት፣ ከዚያም በ«ል» እና በ«ብ» የሚገቡትን ምዕላዶች (በግሱ ላይ የሚቀጠሉትን ክፍሎች) ይመልከቱ። «ሄደልኝ» እና «ሄደብኝ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ቢሆንም አንዱ እፎይታ ሌላው ጉዳት ነው። የትዝታ ስንኞች «ብኝ» የሚለውን ያዘወትራሉ፤ በመካከል በድንገት «ልኝ» ሲመጣ ድምፃዊው ስሜቱን እንደቀየረ ይወቁ። «ነበር» የሚለውም ቃል የት እንደገባና የት እንዳልገባ ልብ ይበሉ፤ ያለፈ ፍቅር በአሁን ጊዜ ግስ ሲነገር ተናጋሪው ማለፉን አልተቀበለም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንኙ ለማን እንደተነገረ ነው። ብዙ ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» የተባለው ሁሉ ወዳጅ ነው ብሎ ያልፋል። ነገር ግን በትዝታ ዘፈን ውስጥ የሚነገራቸው ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ ወዳጁ፣ ትዝታው ራሱ፣ እና የተናጋሪው ሆድ። ድምፃዊው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ሳያስታውቅ ስለሆነ በየስንኙ ጠርዝ ላይ «ለማን» የሚል ማስታወሻ ይጻፉ። ለሆድ የተነገረ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያሰናኘሁትን እነሆ፦

ሆዴ ምን አለብህ፣ እባክህ አትባባ፤
የሄደው ይመጣል፣ ሲፈነዳ አበባ።

በላዩ ሲታይ የተስፋ ስንኝ ነው። ለማን እንደተነገረ ሲጠየቅ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ተናጋሪው ሆዱን እንደሚያለቅስ ልጅ እያባበለ ነው፤ ልጅን ሲያባብሉ ደግሞ ሁሉም ነገር እውነት አይሆንም። አደይ አበባ በመስከረም ይፈነዳል፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶም ይረግፋል፤ የትኛው መስከረም እንደሆነ ግን ስንኙ አልተናገረም። ተናጋሪው ወዳጁ የሰጠውን «እመጣለሁ» ተቀብሎ አሁን ለገዛ ሆዱ ይሰጠዋል። የተታለለው ሰው ራሱን ማታለል ሲጀምር ማየት ለእኔ ከማንኛውም ዋይታ የበለጠ የሚያሳዝን ነው፤ ይህ ግን የሚታየው «ለማን?» ብሎ ለጠየቀ ብቻ ነው።

ወደ ሰምና ወርቁ የምንደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት፤ ብዙ ተርጓሚ ዘፈን ሲሰማ መጀመሪያውኑ ወርቅ ፍለጋ ስለሚነሣ ፊት ለፊት ያለውን ሰም ሳያየው ይቀራልና። ሰሙ ራሱ ትርጉም ነው። አንጥረኛው በሰም የቀረጸው ቅርጽ ካልተስተካከለ የሚፈሰው ወርቅ እንደማያምር ሁሉ፣ የላይኛው ንባብ በደንብ ካልተያዘ የውስጠኛው አይጠራም። ወርቁን ለመፈለግ ግጥሙን በጽሑፍ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማይጽፍ፣ ህብረ ቃሉ፣ ማለትም ሰሙንና ወርቁን አንድ ላይ የያዘው ቃል፣ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በአንደበት ነው። ይህንንም በራሴ ስንኝ ላሳይ፦

ገና ነው ብለኸኝ፣ በሩን ሳልዘጋብህ፣
ጾሙ ተፈታና፣ ሌሊቱ ነጋብህ።

«ገና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ወዳጁ ለገና እመጣለሁ ብሎ ቀጥሯል፤ የነቢያት ጾም ተፈትቷል፣ በዓሉ ደርሷል፣ እሱ ግን አልመጣም። ላልቶ ሲነበብ «ጊዜው አልደረሰም» ማለት ነው፤ ወዳጁ ቀጠሮም አልሰጠ፣ «ገና ነው» ብሎ ነው የሄደው፤ ቀጠሮ አድርጋ የሰማችው እሷ ነች። ሁለተኛው ንባብ ጥፋተኛውን ይለውጠዋል። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የድምፃዊዋ ከንፈር ብቻ ነው፤ ጎበዝ ድምፃዊት ደግሞ «ና»ን በመሐል አድርጋ ሁለቱንም ልታሰማ ትችላለች። ስለሆነም አጠራጣሪ ቃል ሲያጋጥምዎ ቅጂውን ወደ ኋላ መልሰው ያንን አንድ ቃል ለብቻው ደጋግመው ይስሙ። ከኢንተርኔት የተገኘ የግጥም ጽሑፍ ለዚህ ሥራ መነሻ ቢሆንም ማስረጃ አይሆንም፤ ጻፊው አንዱን ንባብ መርጦ ሌላውን ሳያውቅ ጥሎት ሊሆን ይችላል።

ትዝታን እንደ አገር ዘፈን አድርጎ መተርጎምም የተለመደ ነው፤ መነሻም አለው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ሰው በስደት ሲበተን፣ በአዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ምክንያት ሌሊቱ ሲዘጋ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች የተሰበሰበው ስደተኛ «ትመጫለሽ» ወይም «እመጣለሁ» የሚለውን ስንኝ በራሱ ላይ ተርጉሞ ሰምቶታል። ዛሬም በቤይሩት ወይም በጂዳ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ትዝታ ስትሰማ የምታስታውሰው ወንድን ብቻ አይደለም። ቢሆንም አድማጭ የሚያስገባውና ግጥሙ የያዘው እንዳይቀላቀልብዎ ይጠንቀቁ። የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። አገር በአማርኛ በሴት አንቀጽ ስለምትጠራ ወንድ ድምፃዊ «አንቺ» ሲል ቃሉ ወደ አገር በቀላሉ ይሻገራል፤ ሴት ድምፃዊት «አንተ» ስትል ግን ያ መንገድ ዝግ ነው። ከጾታው ሌላ ደግሞ በዚያው ጥንድ ስንኝ ውስጥ አፈር፣ ወንዝ፣ ድንበር ወይም ይህን የመሰለ ምስክር ቃል ይፈልጉ። ምስክር ከሌለ የአገርን ትርጉም «አድማጩ እንዲህም ሊሰማው ይችላል» ብለው ይጻፉት እንጂ «ገጣሚው እንዲህ ማለቱ ነው» አይበሉ።

ምርመራው የሚጠነክረው አንዱን ስንኝ በተለያዩ ድምፆች ሲሰሙት ነው። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራራቸውን ራሳቸው እየደረደሩ ነበር የሚያንጎራጉሩት፤ ማህሙድ አህመድን ግን ሙሉ ባንድ ታጅቦ እናውቀዋለን። ክራር የያዘ ድምፃዊ ሐረጉን በፈለገው ቦታ ሊያቆመው፣ ሊያዘገየውና ትንፋሽ ሊወስድበት ይችላል፤ ባንድ የያዘ ደግሞ ከምቱ ጋር ይሄዳል፣ ሀዘኑንም በድምፁ መርገብገብ ያወጣዋል። በዛወርቅ አስፋውን ሲያደምጡ ቃሉ ካለቀ በኋላ ድምፅዋ የሚቆይበትን ቦታ ይከታተሉ። ቀደም ብለው በቅንፍ ያስቀመጧቸውን «እህህ»ዎችና ድግግሞሾች አሁን ያውጧቸውና ከየትኛው ቃል በኋላ እንደመጡ ይዩ። ድምፃዊ የሚደግመው ሐረግ ብዙውን ጊዜ ለእሱ ዋናው ነው፤ ሁለት ድምፃውያን ከአንድ ስንኝ የተለያየ ሐረግ ከደገሙ ሁለት የተለያየ ትርጉም ሰጥተዋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው፣ በተለይም በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን በከፊል ለሚሰማ ልጅ ሲያስረዱ፣ ዘፈኑን ሙሉ በሙሉ ለመተርጎም አይነሡ። አንድ ጥንድ ስንኝ ይምረጡና ቀለሙን አብረው ይቁጠሩ፣ ለማን እንደተነገረ ይጠይቁት፣ የሚጠብቀውን ቃል በአፉ እንዲለው ያድርጉ፤ ከዚያም ዘፈኑን ከፍተው ያ ስንኝ እስኪመጣ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ስንኙ ሲያልፍ የገባውን በራሱ ቃል ይናገር፤ ከእርስዎ የተለየ ነገር ከሰማ ቅጂውን መልሰው ያንኑ ቦታ እንደገና አጫውቱለት።